ጆን ኪትስ፣ የመድኃኒት ቅመማ ተማሪ

የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ጥቂት እንኳ የቀመሰ ሰው ጆን ኪትስን በገጣሚነቱ ያውቀዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላው የሞተው ይህ ሰው ከታላላቆቹ የእንግሊዝኛ ባለቅኔዎች አንዱ ሆኖ መቆጠር ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያች አጭር ዕድሜ ውስጥ ስድስት ዓመት ያህሉን በመድኃኒት ቤትና በሆስፒታል ማሳለፉ፣ ፈተና አልፎም የመድኃኒት ቀማሚነት ፈቃድ መቀበሉ ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነክቶ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉለት በአብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለሆኑ በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። እኛ የፋርማሲ ባለሙያዎች ግን ወደ ታሪኩ በሌላው በር ብንገባ የምናየው አይጠፋም። የፋርማሲ ተማሪ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የሚያነሣት አንዲት ጥያቄ አለች፤ ይህችም መድኃኒት ለሚቀምም፣ ለሚመዝንና ለሚያድል ሰው የአጥንቱንና የደም ሥሩን ስም ሁሉ መሸምደድ ምን ይረባዋል የምትለው ናት። በእንግሊዝ አገር ለዚች ጥያቄ በሕግ መልስ የተሰጣት በ1815 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሕጉ መሠረት አናቶሚ ለመማር ከተመዘገቡት ወጣቶች አንዱ ኪትስ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪትስ የተወለደው ኦክቶበር 31 ቀን 1795 በለንደን ከተማ ነው። አባቱ ቶማስ የኪራይ ፈረሶች የሚያድሩበትን ጋጣ የሚያስተዳድር ሰው ነበር፤ በ1804 ከፈረስ ወድቆ ሞተ። እናቱ ፍራንሴስ በ1810 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ልጁ ገና የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ነበር። በዚያ የሕመም ጊዜ ሌሊቱን ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ያነጋ እንደ ነበረ፣ መድኃኒቷንም ከእርሱ በስተቀር ሌላ ሰው እንዲሰጣት እንደማይፈቅድ ወዳጆቹ ተርከውታል። በኋላ ለሚሆነው ነገር ሁሉ መነሻው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አያቱ ለልጆቹ ሞግዚቶች ስትሾምላቸው፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው የሻይ ነጋዴ ሪቻርድ አቢ ልጁ ሙያ ተምሮ ራሱን እንዲችል ወሰነ። ኪትስም ኤድመንተን በምትባለው መንደር ለሚኖረው ለቀዶ ሐኪምና አፖቴካሪ ለቶማስ ሐሞንድ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ። ሥራው በሙቀጫና ዘነዘና ሥር መውቀጥ፣ ክኒን ማድበልበል፣ ቅባትና ልጥፍ ማዘጋጀት፣ ጠርሙስ ማጠብ፣ ጌታው በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድም ፈረሱን መያዝ ነበር። ዋል አደር ሲል ደግሞ በአልቅትና በዋግምት ደም ማውጣትን፣ ጥርስ መንቀልን፣ ቁስል ማሰርን ተማረ።

እዚህ ላይ አፖቴካሪ ማለት ምን ዓይነት ባለሙያ እንደ ነበረ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የአናቶሚው ነገር ግልጽ አይሆንም። የለንደን አፖቴካሪዎች በ1617 ከቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ሥራቸው ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ቀምሞ መስጠት ሲሆን፣ ሐኪም የመጥራት ዐቅም የሌለው ሕዝብ ግን በቀጥታ ወደ እነርሱ ይመጣ ነበር። በ1704 የአገሪቱ ከፍተኛ የፍርድ አካል አፖቴካሪው በሽተኛን መርምሮ መድኃኒት ሊሰጥ እንደሚችል ፈረደ። ይሁን እንጂ ገንዘብ የሚቀበለው ለሸጠው መድኃኒት እንጂ ለምክሩ አልነበረም። ምክሩ በነጻ፣ ጠርሙሱ በዋጋ ሲሆን ብዙ ጠርሙስ ያዘዘ ብዙ ያገኛል፤ ይህ ፈተና ለማናችንም እንግዳ አይደለም። የሆነ ሆኖ አፖቴካሪው የብዙኃኑ ሕዝብ ሐኪም ሆኖ ሲቀር፣ የሰውን ሰውነት ውስጡን አይቶት የማያውቅ ሰው እንዴት ይህን ሥራ ይሠራል የሚል ክርክር ተነሣ። የ1815ቱ የአፖቴካሪዎች ሕግ የዚህ ክርክር ፍሬ ነው። በሕጉና ከእርሱ በተከተለው ደንብ መሠረት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አምስት ዓመት በደቀ መዝሙርነት ማገልገል፣ በሆስፒታል ቢያንስ ስድስት ወር መሥራት፣ የኬሚስትሪ፣ የመድኃኒት ዕፅዋትና ማዕድናት፣ የሕክምና፣ እንዲሁም ሁለት ዙር የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ትምህርት መከታተሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ማቅረብ፣ በመጨረሻም ለፈተና መቀመጥ ነበረበት። ሕጉ በኦገስት 1815 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኪትስ በኦክቶበር 1 ቀን በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ተመዘገበ።

ጋይስ ሆስፒታልና በዚያው ሠፈር የነበረው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ተማሪዎቻቸውን በጋራ ያስተምሩ ነበር። የአናቶሚው ዋና መምህር አስትሊ ኩፐር በዘመኑ ከነበሩት የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ሁሉ የገነነ፣ ጨዋታ አዋቂና ንግግሩ የማይሰለች ሰው ስለ ነበረ፣ አዳራሹ በተማሪ ይጨናነቅ ነበር። የሬሳ መክፈቻውን ክፍል ሥራ የሚያሳየው ደግሞ ጆሴፍ ሄንሪ ግሪን የተባለ ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበር። በእነዚያ ዓመታት በጋይስ ኬሚስትሪ ከሚያስተምሩት መካከል ዊልያም አለን ይገኝበታል፤ ይህ ሰው በ1841 የታላቋ ብሪታንያ የፋርማሲ ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ነው። በኋላ የጠቅላላ ሐኪምና የፋርማሲስት ተብለው የተለያዩት ሁለቱ ሙያዎች በዚያን ጊዜ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይማሩ ነበር ማለት ነው።

የአናቶሚ ትምህርት ግን ከአዳራሹ ይልቅ በሬሳ መክፈቻው ክፍል የሚገኝ ነበር። የዛሬው ተማሪ በፎርማሊን የቆየ አካል፣ በፕላስቲክ የተሠራ ዐፅምና በቀለም ያማረ መጽሐፍ ሲያገኝ፣ የኪትስ ዘመን ተማሪ ያገኘው የሚበሰብስ ሥጋ ነበር። ፎርማሊን ለዚህ ሥራ የዋለው በ1890ዎቹ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚሰጠው ከኦክቶበር ጀምሮ በብርዱ ወራት ሲሆን፣ በዚያም ጊዜ ቢሆን ሽታው የማይቻል ነበር። በመክፈቻው ምላጭ እጁን የቆረጠ ተማሪ በቁስሉ ተመርዞ የሚሞትበት ጊዜ ነበር፤ ስለ ጀርም የሚያውቅ ሰው ገና አልነበረምና።

ሬሳውስ ከወዴት ይመጣ ነበር? ሕጉ ለመክፈቻ የሚፈቅደው በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው የተሰቀሉትን ሰዎች አካል ነበር። ይህ ለጥቂት ተማሪ እንኳ አይበቃም። የቀረውን የሚያቀርቡት በሌሊት መቃብር እየቆፈሩ የሚሸጡ ሌቦች ሲሆኑ፣ ሕዝቡ በምጸት ሙታን አስነሺዎች ይላቸው ነበር። ኩፐር ከእነዚህ ሰዎች ጋር በግልጽ ይነግድ ነበር፤ ቢታሰሩ ቤተሰባቸውን እስከ መደጎም ይደርስ ነበር። በ1828 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሲጠየቅ፣ እርሱ ከፈለገ አካሉን ሊያገኘው የማይችለው ሰው በአገሩ እንደሌለ ሳያፍር መስክሯል። ከ1832ቱ ሕግ በኋላ ሬሳ መስረቅ ቀረ፤ በምትኩ ግን በድሆች መጠለያ ሞተው ጠያቂ ያጡ ሰዎች ለትምህርት ይሰጡ ጀመር። ሀብታም ወፍራም ግንብና የብረት አጥር ሊያሠራ ስለሚችል፣ በመጀመሪያውም ሆነ በኋለኛው ሥርዓት በጠረጴዛው ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የድሃ አካል ነበር። ይህን የምናነሣው የጥንቱን ሰዎች ለመኰነን አይደለም። የምንጠቀምበት ዕውቀት የተገኘው በማን ዋጋ እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳይቀር ብለን ነው።

ኪትስ በእነዚያ ወራት የጻፈበት ደብተር አልጠፋም። በ1934 ታትሞም ወጥቷል። በውስጡ የሚገኘው ኩፐር ስለ አጥንቶች፣ ስለ ደም ሥሮችና ስለ ነርቮች ያስተማረው ሲሆን፣ አጻጻፉ አጭርና ቁጥብ ነው። በአንዳንድ ገጾች ኅዳግ ላይ አበቦችና ፍራፍሬዎች ተሥለው ይታያሉ። አብሮት ይኖር የነበረው ተማሪ ሄንሪ እስቲፈንስ (ይኸው ሰው በኋላ በቀለም ፋብሪካው ስሙ የታወቀው ነው) ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ኪትስ ሲያስታውስ፣ ልቡ ከግጥም በቀር በሌላ ነገር እንዳልነበረ፣ በትምህርት ሰዓት በሌሎች ደብተር ላይ ሳይቀር ግጥም ይጭር እንደ ነበረ ተናግሯል። የሥዕሎቹና የእስቲፈንስ ወሬ ተደምረው፣ ኪትስ የሰነፍ ተማሪ ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። በመጀመሪያ፣ በኅዳግ ላይ አበባ መሣል ያልነበረበት የተማሪ ደብተር ካለ ይምጣ። ሁለተኛም፣ ኪትስ ከተመዘገበ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለድሬሰርነት ተመረጠ፤ ይህ ቦታ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚዳረስ አልነበረም።

ድሬሰር የሚለው ቃል ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ መርፌ ይወጋ፣ ቁስል ያጥብ፣ መድኃኒት ያድል የነበረውን ሰው አባቶቻችን በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። በለንደን ድሬሰር የሚባለው የቀዶ ሐኪሙ ረዳት ተማሪ ሲሆን፣ በየክፍሉ እየዞረ ቁስል ይፈታል፣ ያጥባል፣ ያሥራል፤ ተራው በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሌሊትና ቀን በሆስፒታሉ እያደረ ድንገተኛ በሽተኛ ይቀበላል። በቀዶ ጥገና ጊዜ በሽተኛውን የሚይዘውም እርሱ ነው። ኢተር የተባለው ማደንዘዣ የታወቀው በ1846 ስለሆነ፣ መያዝ ማለት የሚጮኽንና የሚታገልን ሰው በጕልበት መያዝ ነበር። ኪትስ በማርች 1816 የተመደበው ዊልያም ሉካስ ለተባለ ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ይህም ሰው በደግነቱ ይወደድ እንጂ በቢላዋ አያያዙ የሚያስፈራ እንደ ነበረ የሥራ ባልደረቦቹ ተናግረዋል። ሉካስ አናቶሚውን በሚገባ አያውቅም ነበር። ኪትስ በክረምቱ በኩፐር እጅ የደም ቅዳዎቹን መንገድ ተምሮ፣ በበጋው በሉካስ እጅ ይህን አለማወቅ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አየ።

ጁላይ 25 ቀን 1816 ኪትስ በአፖቴካሪዎች አዳራሽ ለፈተና ቀረበ። ፈተናው የለንደኑን ፋርማኮፒያና የሐኪም ትእዛዞችን ከላቲን መተርጐም፣ የመድኃኒት ኬሚስትሪ፣ የመድኃኒቶች ባሕርይ፣ የሕክምና አሰጣጥ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ። አብሮት ይኖር የነበረው ጆርጅ ማክሬዝ ወደቀ። እስቲፈንስ የኪትስን ማለፍ በላቲን ዕውቀቱ አመካኘው፤ ነገር ግን ላቲን ብቻውን የመድኃኒት መጠን አይነግርም። ዕድሜው ሃያ አንድ ስላልሞላ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ በሙያው ሊሠራ አይችልም ነበር እንጂ ፈቃዱ በእጁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። የመጀመሪያ ግጥሙ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በጋዜጣ ወጥቶለት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ሞግዚቱ ስለ ሥራው ቢጠይቀው ሙያውን እንደሚተው ነገረው፤ አቢም እጅግ ተቈጣ። በ1817 የመጀመሪያ መጽሐፉ ታተመ፤ የድሬሰርነቱም ጊዜ በዚሁ ዓመት አበቃ። ለምን እንደተወ ለወዳጁ ለቻርልስ ብራውን ሲያስረዳ፣ በመጨረሻ ያደረገው ቀዶ ከአንድ ሰው ጆሮ ግንድ በላይ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ከፍቶ ደም ማውጣት እንደ ነበረ፣ ሥራውንም ያለ አንዳች ስሕተት እንደ ፈጸመ፣ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሐሳቡ የት እንደ ነበረ ቆይቶ ሲያስታውስ እጁ አለመሳቱ ተአምር ሆኖ ስለ ታየው ከዚያ ወዲያ ቢላዋ እንዳልያዘ ነግሮታል። ይህን ሰዎች የደካማ ልብ ምልክት ያደርጉታል። ለእኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው የሚመስለኝ። ያ ደም ቅዳ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቢስት ምን እንደሚሆን ባያውቅ ኖሮ አይደነግጥም ነበር፤ ሉካስ አልደነገጠም።

ሙያውን ቢተው መጻሕፍቱን አልጣለም። በ1818 የሕክምና መጻሕፍቱን አስቀምጦ መቆየቱ እንዳስደሰተው፣ የተማረውንም እንዳይረሳ ሊያነባቸው እንደሚፈልግ ለወዳጁ ጽፏል፤ በ1819 ገንዘብ ሲቸግረው በመርከብ ላይ ሐኪም ሆኖ ለመቀጠር አስቦ ነበር። በዚያው ዓመት ለናይቲንጌል ወፍ በጻፈው ግጥም ሄምሎክና ኦፒየም ስማቸው ይነሣል፤ እነዚህን ዕፅዋት በሚዛን ያየ ሰው እንደ ጻፈው ያስታውቃል።

ጠላቶቹ ግን የመድኃኒት ቤቱን ነገር ሌላ ቦታ አዋሉት። በ1818 በኤድንበርግ የሚታተም አንድ ታዋቂ መጽሔት ስለ ግጥሙ ባወጣው ሂስ፣ ደራሲው የመድኃኒት ቀማሚ ደቀ መዝሙር መሆኑን እንደ ነውር ቈጥሮ፣ ወደ ክኒንና ወደ ቅባት ዕቃው እንዲመለስ መከረው። ግጥሙ ቢነቀፍ የአንባቢ መብት ነው። መድኃኒት መቀመም የሰውን ነፍስ የሚያዋርድ ሥራ ተደርጎ መሰደቡ ግን ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ ይህን ንቀት በሌላ ቋንቋና በሌላ ዘመን የሰማ ባልደረባ አይጠፋም። ኪትስ በዚያ ሂስ ልቡ ተሰብሮ ሞተ የሚለው ወሬ ከሞቱ በኋላ ተስፋፋ። ሐሰት ነው። የገደለው እናቱን የገደላት በሽታ ነው።

በ1818 ታናሽ ወንድሙ ቶም በሳንባ ነቀርሳ ሲማቅቅ ያስታመመው ኪትስ ነበር፤ ቶምም በዲሴምበር 1 ቀን ሞተ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ሐኪሞች በሽታው ይተላለፋል ብለው አያምኑም ነበር፤ ሮበርት ኮኽ ባሲለስዋን ያገኛት በ1882 ነው። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1820 ምሽት ኪትስ በብርድ ከከተማ በሠረገላ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሐምፕስቴድ ወደሚገኘው ቤቱ ተመለሰ። ሊተኛ ሲል ሳለው፤ በአንሶላው ላይ ደም አየ። ብራውንን ሻማ እንዲያመጣለት ጠየቀው። ደሙን በብርሃን ተመለከተና፣ ቀለሙ የደም ቅዳ ደም ቀለም መሆኑን፣ በዚህም ሊሳሳት እንደማይችል፣ ይህችም ጠብታ የሞት ፍርዱ መሆኗን በተረጋጋ ድምፅ ነገረው። የደም ቅዳ ደም ደማቅ ቀይ፣ የደም መልስ ደም ጠቈር ያለ መሆኑ በየትኛውም የአናቶሚ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ነገር ነው። ተማሪ ለፈተና ብሎ ይይዘዋል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳዋል። ኪትስ ከአራት ዓመት በፊት የያዘውን ይህንኑ በራሱ አንሶላ ላይ አነበበው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያሳዝነው፣ በአልጋው ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ እውነቱን የሚያውቅ በሽተኛው ብቻ ስለ ነበረ ነው። በዚያችው ሌሊት የመጣው ቀዶ ሐኪም ደም ከሚተፋው ሰው ተጨማሪ ደም አወጣለት። በማርች የመጣው ዶክተር ሮበርት ብሪ ሳንባው ምንም እንዳልሆነ፣ ሕመሙ የመንፈስ ጭንቀት እንደሆነ ተናገረ። ኪትስ ግን ለእጮኛው ለፋኒ ብሮን ከቃል ኪዳኗ ነጻ እንደሆነች ጻፈላት፤ እርስዋም አልተቀበለችም። በሴፕቴምበር ሥዕል ሠሪ ወዳጁን ጆሴፍ ሰቨርንን አስከትሎ ለአየር ለውጥ ወደ ኢጣልያ በመርከብ ሄደ። በሮማ ያከመው ዶክተር ጄምስ ክላርክ ደግና ትጉህ ሰው ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያ የበሽታው ሥር በሆዱ ውስጥ ይመስለኛል ብሎ ነበር። ይኸው ክላርክ በኋላ የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም ሆነ፤ በ1835ም ስለ ሳንባ ነቀርሳ መጽሐፍ ጻፈ። ሕክምናው እንደ ዘመኑ ሥርዓት ደም ማውጣትና ማስራብ ነበር፤ በቀን አንዲት ትንሽ ዓሣና ቍራሽ ዳቦ ይሰጠው እንደ ነበረ ሰቨርን ጽፏል።

ኪትስ ለጉዞው አንድ ጠርሙስ ላውዳነም ይዞ ነበር። የላውዳነምን ኃይል እንደ እርሱ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም፤ ስንት ጠብታ እንቅልፍ እንደሚያመጣ፣ ስንት ጠብታ ደግሞ ከእንቅልፉ እንደማያስነሣ ተምሮታልና። በዲሴምበር ደም መትፋቱ ሲበረታበት ጠርሙሱን ጠየቀ። ለሰቨርንም ከእንግዲህ የሚመጣበትን ደረጃ በደረጃ፣ የሰውነቱ አካል እንዴት አንድ በአንድ እንደሚከዳው ዘረዘረለት፤ ወዳጁንም ከዚህ ሸክም ለማዳን እንደሆነ አስረዳው። ሰቨርን ሃይማኖቱ አልፈቀደለትም፤ ጠርሙሱንም ለክላርክ ሰጠው። ክላርክም አልመለሰለትም። በዚህ ላይ ባልደረቦቻችን የተለያየ አስተያየት ሊኖራቸው ይችላል። በሕግም በሙያ ሥነ ምግባርም ክላርክ ያደረገው እኛ የምናደርገው ነው። ይሁን እንጂ ለሕመሙ ማስታገሻ እንኳ በሚገባ ሳይሰጠው ሁለት ወር መቆየቱን ሳያስቡ ማለፍ አይቻልም። ኪትስ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር ይህ ከሞት በኋላ ያለ ኑሮዬ መቼ ያበቃል እያለ ይጠይቀው ነበር ይባላል።

በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1821 ሌሊት በሰቨርን ክንድ ላይ ዐረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ ክላርክና ሌሎች ሐኪሞች አስከሬኑን ከፈቱት። ከኩፐር ጠረጴዛ ፊት ቆሞ የሌላውን ሰው ደረት ተከፍቶ ያየው ተማሪ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በተራው ጠረጴዛ ላይ ተጋደመ። ሆዱ የበሽታው ሥር አልነበረም። ሁለቱም ሳንባዎች ፈጽመው ጠፍተው ስለ ተገኙ፣ ሐኪሞቹ እነዚያን ሁለት ወራት እንዴት እንደ ኖረ ተደነቁ። የሳንባ ነቀርሳን ባሲለስ የሚገድለው እስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943፣ ከዚህ ቀን 122 ዓመት በኋላ ነው።

የሮማ ባለ ሥልጣኖች በሽታው እንደሚተላለፍ ያምኑ ስለ ነበረ፣ በክፍሉ የነበረውን ዕቃ ሁሉ አስወጥተው አቃጠሉ፤ ግድግዳውንም አስፋቁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ከለንደን ሐኪሞች ይልቅ ትክክል የነበሩት እነርሱ ናቸው። አስከሬኑ በከተማይቱ በሚገኘው የፕሮቴስታንት መካነ መቃብር ሲቀበር፣ እርሱ እንዳዘዘው በድንጋዩ ላይ ስሙ አልተጻፈም።